የዩ ስትሪቱ ሐውልት የማን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት ሜትሮ መውጫ ላይ ያየኸው የጥቁር ወታደሮች ሐውልት የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ነው ወይ ብለሃል። አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ወገን የተዋጉት ጥቁሮች መታሰቢያ ነው። የተመረቀው በ1998 ነው፤ ቀራፂው ኤድ ሃሚልተን ይባላል።

ስሞቹን ሳታይ መሄድህ ግን ቆጨኝ። እዚያው አጠገቡ ያለው ግድግዳ ላይ 209,145 ስም ተጽፏል፣ በየሬጅመንቱ (በየጦር ክፍሉ) ተደርድሮ። የመሯቸው ነጭ መኮንኖችም አሉበት። ከጥቁሮቹ ብዙዎቹ ትናንት እንደ ዕቃ የሚሸጡ ባሮች ነበሩ። ጠመንጃ ይዘውም እኩል አልታዩም። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲያገኝ ለእነሱ 10 ተመደበ፣ ከዚያም ላይ 3 ለልብስ ይቆረጣል። የማሳቹሴትስ 54ኛ ሬጅመንት ወታደሮች ይህን አንቀበልም አሉ። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ተዋጉ! ቤት ሚስትና ልጅ እየጠበቃቸው እኮ ነው። ይሄ ሁሌም አንጀቴን ይበላዋል። ኮንግረስ ክፍያውን ያስተካከለው በ1864 ነው።

ሌላ ቀን 9ኛ መንገድ እኛ ሰፈር ምሳ ልትበላ ስትመጣ ጎራ በል፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሐውልቱን ዞረህ ከጀርባው እየው። ከፊት ወታደሮቹና አንድ መርከበኛ ቆመዋል። ከጀርባ ያለው ግን ቤተሰብ ነው።