ጥያቄና መልስ፦ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ ድሬዳዋ ሁሉ ፎርማት ላይ ነች። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ልመልስ።

የሳቢያን ሰፈር መምህር፦ ዊንዶውስ ሲጫን ከሚያቀርበው የሰዓት ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን አጣሁት።

ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የተገዛ፣ ራሙ 4 ጊጋባይት የሆነ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11ን ይችላል?

በወረቀት ላይ 4 ጊጋባይት ዝቅተኛው መስፈርት ነው። ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ ካለውና ሌላውን መስፈርት ካሟላም ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ትዕግሥት የእርስዎ ፋንታ ነው። በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን መጀመሪያ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ አስነሥተው ይሞክሩት።

ፎርማት ባስደርግ ኢንተርኔቴ ይፈጥናል?

አይፈጥንም።

አንድ የከዚራ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ሊኑክስ እያዘጋጀ ነው። መጫኛውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሊያደርጉት አስበዋል፤ «ሌላስ ምን ይጎድለዋል?» ይላል።

ሐሳባችሁ ደግ ነው። ግን ሰውን የማያውቀውን ነገር በሦስት ቋንቋ ብትጠይቀው በሦስቱም አያውቀውም። የመጫኛ ፈተናው ዲስክ የሚጠፋበት ገጽ ነው። የኮምፒውተሩ ባለቤት «ፎቶዎቼ ዲ ላይ ናቸው፣ ሲ ብቻ ይጥፋ» ትላለች። የዊንዶውስ መጫኛ ግን ሲም ዲም አይል፤ «ዲስክ 0 ፓርቲሽን 3» (ፓርቲሽን የዲስክ ክፍል ነው) ብሎ መጠኑን አስከትሎ ይደረድርላታል። በሊኑክስም «ኤስዲኤ 2» ነው የሚጠብቃት። ከዚያ ወዲያ ያለው ግምት ነው። ስለዚህ በየክፍሉ ውስጥ ካሉት ፎልደሮች የጥቂቶቹን ስም አሳያት፤ «የሠርግ ፎቶ» የሚለውን ያየች እጇን ትሰበስባለች።

እስከ መጨረሻው ማረጋገጫ ድረስም ዲስኩ አይነካ። በዊንዶውስ መጫኛ ፎርማት ያልከው እዚያው ይጠፋል፤ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ግን ምርጫህን ዘርዝሮ አሳይቶ «ጫን» እስክትለው ይጠብቃል። እርሱን ተከተል። አዝራሩ ላይ «እሺ» ብለህ አትጻፍ፤ «ባለ 256 ጊጋባይቱን ዲስክ አጥፋ» በል። አዲሱ የዊንዶውስ 11 መጫኛ የሚጠፋው ክፍል ገና ሳይመረጥ «ሁሉም እንደሚጠፋ እስማማለሁ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት ያስደርጋል። ምኑን ሳያውቁ የሚፈርሙት ስምምነት ምን ይረባል?

የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ቦታ አጠገብ ደግሞ የትኛው የፊደል ገበታ እንደበራ ይታይ። በአማርኛ ገበታ የተጻፈ የይለፍ ቃል ነገ በእንግሊዝኛው ሲጻፍ ባለቤቱን በር ላይ ያስቀራል። ሲያልቅ ኮምፒውተር ብዙ የማያውቅ መምህር አስቀምጥና ከኋላው ቁም። አትናገር፣ ማውሱንም አትንካ። የተደናገረበትን ገጽ ሁሉ እንደገና ሥራው።

የሐረር አንባቢ፦ ዊንዶውስ 11 ካስጫንኩ ከወራት በኋላ ላፕቶፑ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ጠየቀኝ።

ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ የራሱ መቆለፊያ ተቆልፏል። 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት በብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህን በራሱ ያደርገዋል፤ ቁልፉንም እዚያው አካውንት ውስጥ ያስቀምጣል። የጫነልዎት ሰው የራሱን አካውንት አስገብቶ ከሆነ ቁልፉ እርሱ ዘንድ ነው። ዛሬውኑ ይሂዱበት፤ ሌላ ሰው ፎርማት ላድርገው ቢልዎት እሺ አይበሉ። መጫኛው «ይህ ኮምፒውተር የማን ነው?» ብሎ አንዴ ቢጠይቅ ኖሮ እርስዎም እዚህ ጣጣ ውስጥ ባልገቡ ነበር።

የነምበር ዋን ሰፈር እናት፦ ልጄ ሊኑክስ ሲጭን ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ የሟች ባለቤቴ ፎቶዎች ነበሩበት።

ይህን እንዳነበቡ ኮምፒውተሩን ያጥፉት። በርቶ በቆየ ቁጥር በፎቶዎቹ ላይ ሌላ ነገር ይጻፍባቸዋል። ልጅዎ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አውርዶ እዚያው ዲስክ ላይ እንዳይጭን አደራ። የጠፋ መረጃ ማውጣት ሙያው የሆነ ሰው ይፈልጉ፤ ፎርማት የሚያደርግ ሱቅ ሁሉ ይህን አይችልም። ዲስኩን ከመንካቱ በፊት ሙሉ ቅጂውን እንደሚያነሣ ይጠይቁት፤ አላነሣም ካለ አይስጡት። ኤስኤስዲ የተባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ከሆነ ተስፋው ጠባብ ነው፤ የቆየው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ነገር አለ።