ወራቷ ሳይደርስ በለስን ስለምን ረገማት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ለስግደት ሄደን የበለስ ርግማን ሲነበብ ሰማሁ። ወንጌሉ ራሱ «የበለስ ወራት አልነበረምና» ይላል። ወራቷ ካልሆነ ዛፏ ምን አጠፋች? ደግሞ ክረምት ላይ ለልጆቼ በለስ ገዝቼ ስገባ አንዲት የሰፈራችን እናት «አዳምን ከገነት ያስወጣ፣ ጌታም የረገመው ፍሬ ነው፤ ክርስቲያን አይበላውም» አሉኝ። ደንግጬ አስቀመጥሁት። እውነት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ደህና ጥያቄ ነው ያመጡት። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ይኖራል እንጂ አይጠይቅም።

ቀላሉን ላስቀድም። ገበያ ላይ በሳፋ ተደርድሮ የሚሸጠው እሾሃም በለስ የመጽሐፍ ቅዱሱ በለስ አይደለም። እሱ የቁልቋል መልክ ያለው ተክል ነው። አገሩ አሜሪካ ነው። በፈረንጆች 1492 ኮሎምቦስ ባሕር ተሻግሮ እስኪሄድ ድረስ በኢየሩሳሌምም በጎጃምም ያየው ሰው አልነበረም። ያገናኛቸው ስም ብቻ ነው። ጎረቤትዎን አይቀየሟቸው፤ ስሙ እኔንም ልጅ ሳለሁ አሳስቶኛል።

የመጽሐፉ በለስ የእኛ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ደበሎዬን ለብሼ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ስጓዝ፣ ረኃብ ሲጠናብኝ ሾላ ፈልጌ ሥሩ እቀመጥ ነበር። የወደቀውን ቀይ ፍሬ አንሥቼ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ውስጡ በደቃቅ ፍሬ ተሞልቷል። ከመካከሉ ትንኝ የሚያካክሉ ነፍሳት ብር ብር ይላሉ። እፍ ብዬ እጎርሰዋለሁ። አበባውን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ኋላ ነው የገባኝ፤ አበባው እዚያው ፍሬው ውስጥ ነው። የሾላ ወገን ሁሉ፣ በለስም ጭምር፣ አበባውን ለሰው አያሳይም። በለስ ከሩቅ የምታሳየው ቅጠሏን ነው። ይህችን ነገር ይያዙልኝ።

አሁን ወደ ወንጌሉ። ማርቆስ በምዕራፍ 11 «ቅጠልም ያላት በለስ ከሩቅ አይቶ» መጣ ይላል። ጊዜው የፋሲካ ሰሞን ነው። በዚያ አገር በለስ ክረምቱን ቅጠሏን አራግፋ ራቁቷን ትከርማለች። ፋሲካ ሲቃረብ ነው ማቆጥቆጥ የምትጀምረው። የፊተኛው ፍሬ የሚበስለው ሰኔ ገደማ ነው፤ ዋናው ምርት ደግሞ ወደ ነሐሴና መስከረም ይሄዳል። «ወራቷ አልነበረም» ማለቱ ይህንን ነው። ግን በለስ ቅጠል ስታወጣ ጥሬ እንቡጥ ፍሬም አብራ ታወጣለች። ባይበስልም መንገደኛ ቀንጥሶ ይቀምሰዋል። ቅጠሏ ለምልሞ እንቡጥ ከሌላት የፊተኛውን ፍሬ ከእርሷ የሚጠብቅ የለም።

እንግዲህ ይህችኛዋ ጓደኞቿ ገና ሳይለብሱ ቀድማ ቅጠል ለብሳለች። «ኑ፣ አለኝ» ብላ ከሩቅ ጠርታለች። የተራበው ጌታ ቀርቦ ቢያይ ከቅጠል በቀር ምንም የለም። ወራቷ አልደረሰም ተብላ ዝም ብትል ኖሮ ማን ይወቅሳት ነበር? ቅጠል ያልለበሱትን እኮ አልረገማቸውም።

የእንጅባራና የአካባቢው ገበሬ ይህንን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ድንቹ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እርሻውን ሸፍኖ፣ ቆፍረው ሲያዩት ታቹ ባዶ የሚሆንበት ዓመት አለ። ገበሬው የሚናደደው በአልበቀለው ድንች አይደለም፤ በእንዲህ ያለው ነው።

የቅኔ መምህሬ ሰሙን ብቻ ይዤ ስቀርብ «ወርቁን የት ጣልኸው?» ይሉኝ ነበር። የዚህን ወርቅ ለማግኘት የወንጌሉን አካሄድ ማየት ነው። ጌታ ሰኞ ጠዋት በለሷን ረገመ። ቀጥሎ ቤተ መቅደስ ገብቶ የሚሸጡትንና የሚገዙትን አስወጣ። በማግሥቱ ሲያልፉ በለሷ ከሥሯ ደርቃ አገኟት። ማርቆስ ቤተ መቅደሱን በሁለቱ የበለስ ወሬ መካከል ያስገባው በዋዛ አይደለም። ቤተ መቅደሱም ያማረ ነበር። መሥዋዕቱ፣ ዕጣኑ፣ በዓሉ ሁሉ ከሩቅ ይታያል። ጌታ ቀርቦ ፍሬ ሲሻ ገበያ አገኘ።

ሊቃውንቱም በአንድምታ ትርጓሜያቸው በለስን ቤተ እስራኤል፣ ማለት የጥንቱ የእስራኤል ሕዝብ ናት፣ ፍሬዋም ሃይማኖትና ምግባር ነው ይሏታል። አንድም በለስ ኃጢአት ናት ይላሉ። የበለስ ቅጠል ሰፊ እንደ ሆነ ኃጢአትም በዚህ ዓለም ሰፍታ ትታያለችና። በለስ ሲበሏት ትጣፍጣለች፣ ቆይታ ትመራለች፤ ኃጢአትም እንዲሁ። እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ግን የፊተኛው ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ መቋሚያዬን ይዤ ስቆም ከሩቅ ለምለም እመስላለሁ። በድንበር የተጣላሁት ጎረቤቴ ግን ቀርቦ ያየኝ ሰው ነው፤ እሱን ጠይቁት።

ርግማኑ ጭካኔ ይመስላል ብለው ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይዩ። ጌታ በወንጌል ውስጥ ለምጻም አነጻ፣ ዕውር አበራ፣ ሙት አስነሣ። መቅጣት እንደሚችል ያሳየው በሰው ላይ አልነበረም፤ በማትሰማና በማታመው ዛፍ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ሊሰቅሉት የመጡትንም በአንዲት ቃል ማድረቅ ይችል ነበር። አላደረገውም።

የሉቃስ ምዕራፍ 13 በለስም አለች። ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎባት ያጣ ባለቤት «ቁረጣት» ሲል የወይኑ ሠራተኛ ይለምንላታል። ዙሪያዋን እስክኮተኩትላት፣ ፋንድያም እስካፈስላት በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት ይላል። ሁለቱን በለሶች አንድ ላይ ያንብቧቸው። የማርቆሷን ብቻ ያነበበ ሰው ይፈራል፣ የሉቃሷን ብቻ ያነበበም ይዘናጋል።

የአዳሙን ነገር በተመለከተ፣ አባቶቻችን ዛፏን ዕፀ በለስ ይሏታል። ኦሪት ዘፍጥረት ግን በለስን በስም የሚጠራው አዳምና ሔዋን ቅጠሏን ሰፍተው ግልድም ባደረጉበት ቦታ ነው። ያም ሆነ ይህ ፍሬዋ መርዝ አልነበራትም። እግዚአብሔር ክፉ ዛፍ አልተከለም። ያስወጣቸው ትእዛዝ መሻር ነው። አባቶች ጾም በገነት ተጀመረ የሚሉትም ለዚህ ነው፤ «ከዚህ አትብሉ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው የጾም ትእዛዝ ነበርና። ደግሞ ያንኑ ቅጠል ልብ ይበሉ። አዳም የተሸፈነበት፣ በለሷም ከሩቅ የታየችበት ያው የበለስ ቅጠል ነው።

በለስ የተባለ ሁሉ ርጉም ነው ማለትም አይደለም። ጌታ ናትናኤልን «ከበለስ በታች ሳለህ አየሁህ» ብሎ በፍቅር አነጋገረው። ነቢዩ ሚክያስ የሰላምን ዘመን ሲናገር ሰው ከወይኑና ከበለሱ በታች ይቀመጣል ይላል። ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ መጨረሻው አካባቢ ጸሎተ ዕንባቆምን ያገኙታል። እዚያ ነቢዩ በለስ ባታፈራ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። በሬ የሞተበት፣ እህሉን በረዶ የመታበት የጎጃም ገበሬ ያችን ቃል ሲደግም ሰምቼ አውቃለሁ። እኔ ስደግማት እንደዚያ አትሆንልኝም።

ስለዚህ እኅቴ፣ ያስቀመጡትን በለስ ሳይበላሽ ለልጆቹ ያቅርቡላቸው። በጾምም ፍሬ ነውና አይከለከልም። ለእናትየዋም ሁለት ሦስት ይላኩላቸው። ብቻ እሾሁን በደንብ ያራግፉ፤ ደቃቅ ስለሆነ ጣት ላይ ከገባ አይወጣም። ልጆቹም እንዳያበዙ ይጠብቋቸው፤ ፍሬው ሆድ ያደርቃል።