የለቀቀው ሠራተኛ ስልክ ላይ የቀሩት የደንበኞች መታወቂያዎች

በዱቤ የገዙ ደንበኞች የላኩለት የመታወቂያ ፎቶ የለቀቀው ሠራተኛህ ስልክ ላይ ከቀረ፣ ዛሬውኑ ለደንበኞቹ ደውል።

1. ቴሌግራም ላይ የላኩትን ፎቶ ከሁለቱም ወገን እንዲጠፋ አድርገው ይሰርዙት። ቢቆይም ይሠራል።

2. የለቀቀውን ልጅ ጠርተህ የስልኩን ጋለሪ አብራችሁ አጽዱ። ጎግል ፎቶስ ካለው ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉት። የተሰረዘ ፎቶ እዚያ እስከ 60 ቀን ሊቀመጥ ይችላል።

3. «ከሱቁ ነኝ» ብሎ የማረጋገጫ ኮድ ለሚጠይቃቸው ለማንም እንዳይሰጡ ለደንበኞቹ ንገራቸው። ስሜ ይጠፋል ብለህ ዝም አትበል፤ ጉዳቱ የእነሱ ነው።

ከአሁን በኋላ በሠራተኛ የግል ስልክ ምንም ፎቶ አትቀበል። የመታወቂያ ኮፒ የግድ ካስፈለገህ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ለዱቤ ሽያጭ ብቻ» ብለህ ከነቀኑ ጻፍበት። መሳቢያው ይቆለፍ። ዕዳው ሲያልቅ ኮፒውን ለባለቤቱ መልስ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁም (ቁጥር 1321/2016) ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ መሰብሰብን አይፈቅድም።

ኮፒ ቤቱን ግን አደራ። በቴሌግራም ልከህ የምታስወጣው ፋይል እነሱ ኮምፒውተር ላይ፣ ዳውንሎድ ውስጥ ቁጭ ይላል። የማላውቃቸው ሰዎች ፓስፖርት እዚያ ተደርድሮ በዓይኔ አይቻለሁ። አጠገባቸው ቆመህ አስጠፋ፣ ከዚያ ሂሳብህን ክፈል።