«እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ»፦ ወላጅ ለምታመጡ ሁሉ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። እናቱ በሚቀጥለው ወር ከአገር ቤት ወደ አሜሪካ ትመጣለች። «ጋሼ፣ ቤቱን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ» አለኝ። ምን አዘጋጀህ ስለው ሶፋ መግዛቱን ነገረኝ። ቁልፉን ሲጫኑት እግር የሚያነሳ፣ ጀርባ የሚያስተኛ። «ከእንግዲህ ጣቷን አታነሳም፤ በቃ፣ ብዙ ለፍታለች» አለኝ በኩራት። ስልኩን ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም ነበር።

አሜሪካ 27 ዓመት ኖሬያለሁ። የስንቱን ወላጅ ሻንጣ ከኤርፖርት እንደተቀበልኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ሲመጡ በእግራቸው ፈጥነው እየሄዱ እኛን ያስከትላሉ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ግራና ቀኝ ተይዘው ታያቸዋላችሁ። «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» እንባባላለን። እርጅና ብቻ አይደለም። በዕድሜ የጡንቻ መጠንና ጉልበት የሚያልቅበት ሕመም ነው፤ ስም አለው፣ ሳርኮፔኒያ ይባላል። ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፣ «የሥጋ ድህነት» እንደ ማለት። ስሙ የወጣለት በ1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ)። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች የሚመዘግቡበት የራሱ የበሽታ ኮድ አለው። ስለዚህ ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» ብሎ ሊሸኛችሁ ሲል በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁት።

1. ወረቀት

ፎርሙን የሚያውቅ ሰው ይሙላላችሁ። እዚህ ሠርተው የማያውቁ፣ 65 ዓመት ያለፋቸው ወላጆች ግሪን ካርድ ስለያዙ ብቻ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) አያገኙም፤ ገዝተው ለመግባት እንኳ አምስት ዓመት መኖር አለባቸው። የኢንሹራንሱን ነገር ቲኬት ሳትቆርጡ አስቡበት። የወረቀቱ ነገር ይኸው ነው።

2. ቁጭ ማለት

እናቴ ከደሴ ስትመጣ 67 ዓመቷ ነበር። ደሴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከቤት ወጥቶ ዳገት ሳይወጡ የሚደረስበት ቦታ የለም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ዘንቢል አንጠልጥሎ መመለስ። ቅዳሴ ሲሆን ሰዓታት ቆማ ነው የምታስቀድሰው። በሰሙነ ሕማማት ስግደቷን ትሰግዳለች። ይሄን ሁሉ ማንም ስፖርት ብሎት አያውቅም።

ከሁሉም በላይ ግን በርጩማዋ። ቡና ስታፈላ ቁጭ ትላለች፣ ከሰሉን ልታስተካክል ትነሳለች። ቁጭ፣ ውሃ ልታመጣ ትነሳለች። ስኒ ልታለቀልቅ፣ ፈንዲሻ ልታቀርብ፣ ዕጣን ልትጨምር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ እንደምትነሳ ቁጠሩት። ጂም የሚሄዱት ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚሠሩትን ስኳት (ቁጭ ብድግ) እሷ በቀን ሁለት ጊዜ በነፃ ትሠራው ነበር። የቁጢጥ መጸዳጃ ቤቱን አልቆጠርኩም።

እኔ ምን አደረግኩ? በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችን ውስጥ ቡና ቆላች። የጢስ አላርሙ ጮኸ። ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየን። አፈርኩ። «እማዬ፣ ይሄ አገር እንደዚህ አይሆንም» አልኳት። በማግስቱ በቁልፍ የሚያፈላ የቡና ማሽን ገዛሁ። በርጩማዋን ቁምሳጥን ውስጥ ከጃንጥላና ከአሮጌ ጫማ ጋር ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ሳህን ልታነሳ ስትል «አንቺ ቁጭ በይ»። ልብስ ልታጥፍ ስትል «ተይው፣ እኛ አለን»። ውጭ ልትወጣ ስትል «ይበርዳል፣ ትጠፊያለሽ»። ልጆቼ እንኳን ለምደውት «አያቴ፣ ቁጭ በይ» ይሉ ነበር። አማርኛቸው ሲቀጥን የቀረቻቸው አረፍተ ነገር እሷ ነበረች።

በስምንት ወር ወፈረች። ፎቶዋን ላክን። ዘመድ ሁሉ «አሜሪካ ተስማማት፣ አማረባት» አለ። ደስ አለን። አንድ ማታ እግሬ ደረቀ ስትለኝ ቫዝሊን እየቀባኋት ነው ነገሩ የገባኝ። ባቷን በሁለት እጄ ስይዘው ሁለቱ አውራ ጣቶቼና ሁለቱ ሌባ ጣቶቼ ከዳር እስከ ዳር ተገናኙ፤ ውስጡ ክፍተት ነበረው። ሆዷ ሞልቷል፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ እግሯ ግን የለም። ይሄን ልብ በሉ፦ ስብ እየጨመረ ጡንቻ ሊያልቅ ይችላል፣ ሚዛኑም «ጥሩ ነው» ሊላችሁ ይችላል።

የሰው ጡንቻ ከሠላሳዎቹና ከአርባዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ይሄ የሁላችንም ነው። የሚያባብሰው ግን አለመንቀሳቀስ ነው። ዕድሜውን መመለስ አንችልም፤ ሶፋውን ግን የገዛነው እኛ ነን።

ዛሬ ማታ ይሄን ሞክሩ። ወላጃችሁን ግድግዳ የተደገፈ ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጡና አጠገባቸው ቁሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው አምስት ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው፣ ወይም ያለ እጅ ጭራሽ መነሳት ካቃታቸው ሐኪም ጋር ውሰዷቸው። ሌላም ምልክት አለ። የጠርሙስ ክዳን መክፈት ያቅታቸዋል። ደረጃ ላይ ሁለት እግራቸውን አንድ ቦታ ሰብስበው ነው የሚወጡት። መንገድ ሲሻገሩ የእግረኛው መብራት መሃል ላይ ይጠፋባቸዋል። እናቴ ሦስቱንም ታሳይ ነበር። እኔ እጅጌዬን ይዛ ስትነሳ «ፍቅሯ ነው» እል ነበር።

3. ሆስፒታል

ሰባት ነጥብ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ሁለተኛው ሁሉንም በላው። ይሄን ግን አልዘለውም።

በሦስተኛው ክረምት ሳንባ ምች ያዛትና ዘጠኝ ቀን ተኛች። ልትነሳ ስትሞክር የአልጋው አላርም ይጮኻል፤ እኔና እህቴ ተሽቀዳድመን «ተኚ! ተኚ!» እንላታለን። በ2007 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል። 12 ጤነኛ አዛውንቶችን 10 ቀን አልጋ ላይ አቆዩአቸው። ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፋ። ጤነኞቹ ናቸው እንግዲህ፤ ትኩሳት ያለበት፣ ምግብ ያስጠላው ሰው እንዴት እንደሚሆን አስቡት። ሆስፒታል ከገቡ በመጀመሪያው ቀን «መቼ ነው መነሳት የሚችሉት? ፊዚካል ቴራፒስት መቼ ያያቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓይናፋርነት እዚህ አይሠራም። እኛ አልጠየቅንም። በእግሯ ገብታ በዎከር፣ በሁለት እጅ በሚያዝ መደገፊያ፣ ወጣች። በዓመቱ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ አልቆየችም።

4. ምግብ

አዛውንት ትንሽ ስለሚበላ ትንሽ ፕሮቲን ይበቃዋል ብለን እናስባለን። የተገላቢጦሽ ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች ለአዛውንት በኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን ይመክራሉ። 60 ኪሎ ለሆነች እናት ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ። ሻይ በዳቦ ቁርስ፣ ሻይ በዳቦ ራት የሆነባት እናት አስሉላት። ኩላሊት የሚያማቸው ከሆነ ግን ልኩን የሚወስነው ሐኪማቸው ነው፤ በራሳችሁ አትጨምሩ።

ጾም ላይ ስደርስ ሰው ይቆጣኛል። ይቆጣኝ። በዓመት 180 ያህል ቀን የሚጾሙ እናቶች አሉን፤ ጾሙ ራሱ አይደለም ችግሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውለው በቀጭን ሽሮ ሁለት ጉርሻ በልተው መተኛታቸው ነው። ሽሮው ይወፍር፣ ምስሩ ይብዛ፣ ባቄላው፣ ሽንብራው፣ ለውዙ ይቅረብ። (የዓሣውን ክርክር ለእናንተ ትቼዋለሁ።) የታመሙና የደከሙ ከሆነ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ፤ ለሕመምተኛ የሚያስተካክል ሥርዓት ቤተ ክርስቲያኗ አላት። እናንተ ብትነግሯቸው አይሰሟችሁም። ካህኑ ሲነግሯቸው ይሰማሉ። ጥርሳቸውንም እዩላቸው፤ ሥጋ የተዉት ስላልፈለጉት ሳይሆን ማኘክ አቅቷቸው ሊሆን ይችላል።

5. የቀረው

የስኳር በሽታ፣ የልብ ድካም፣ የሳንባ በሽታ፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ ሲጋራ፤ ሁሉም ጡንቻ ይበላሉ። ጥቁር ቆዳ ይዞ ክረምቱን ሙሉ ቤት የዋለ ሰው ቫይታሚን ዲ ሊጎድለው ስለሚችል ይመርመር። ብቸኝነትም አለ። ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር ብቻውን የሚውል ሰው ምግብም አይበላለት፣ መነሳትም አያሰኘው።

«ካለፈ በኋላ ምን ይደረጋል?» የሚል ካለ፣ በ1990 ቦስተን ውስጥ ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆናቸው የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች በባለሙያ ክትትል ስምንት ሳምንት ክብደት አነሱ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በዘጠና ዓመት! እናቴ 70 ሆና እኔ «አርጅታለች» እል ነበር።

አሁን የእናቴ ታናሽ፣ አክስቴ፣ እኛ ጋ ናት። 74 ዓመቷ ነው። በርጩማውን ከቁምሳጥን አውጥቼዋለሁ፤ ከሥሩ የማያንሸራትት ምንጣፍ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ትቆላለች። አላርሙ ይጮኻል። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ፎጣ አርገበግባለሁ። እሷ እየሳቀችብኝ ተነስታ መስኮቱን ትከፍታለች።