ውስጥ እግር ላይ የወጣውን ጥቁር ነገር ከማስቃጠልህ በፊት

ወንድሜ፣ «የእናቴ ውስጥ እግር ላይ ጥቁር ነገር ወጣ፤ ክሊኒክ ስንሄድ ኪንታሮት ነው፣ እናቃጥለው አሉን፤ ምን ትላላችሁ?» ብለሃል። የአባቴም ነገር የጀመረው ልክ እንዲህ ነው። አታስቃጥል።

1. መጀመሪያ ናሙና ይወሰድ። «ባዮፕሲ» ብለህ በስሙ ጠይቅ። እኛ ጉድ የሆንነው እዚህ ላይ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ የአባቴን ተረከዝ ቆርጦ፣ በፋሻ ጠቅልሎ ሸኘን። ብሩን ተቀበሉ፣ የተቆረጠውን ሥጋ ግን ጣሉት። ከወራት በኋላ የጠባሳው ዳር ጠቁሮ መድማት ጀመረ። ተመልሼ «የፓቶሎጂ (የተቆረጠው ሥጋ የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤቱ የታለ?» ስላቸው ካርድ ክፍሏ ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «እናንተ መቼ ጠየቃችሁ?» አለችኝ። እኛ ነን እንዴ ሐኪሞቹ? ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር ይለካል። ዙሪያው ምን ያህል ሰፍቶ ይቆረጥ፣ ብሽሽት ያለው እጢ ይመርመር ወይስ ይቅር የሚባለው በአብዛኛው ያን ቁጥር ታይቶ ነው። ቀጥሎ ያየን ስፔሻሊስት መጀመሪያ የጠየቀን እሱን ነበር። የኛ ቁጥር ከቆሻሻ ጋር ሄዷል።

2. «ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይይዘውም» የሚሉህን አትስማ። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ይከላከላል፣ እውነት ነው። እኛን በብዛት የሚይዘን ሜላኖማ ግን ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ስር ነው የሚወጣው። ቦብ ማርሌይ በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ የሞተው እግሩ ጣት ላይ በጀመረ ሜላኖማ ነው። ስለዚህ ከላይ በአስተያየት «ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ግዛላት» ያላችሁ፣ ለሴትየዋ ውስጥ እግር አይጠቅምም። (አልቢኒዝም ላለበት፣ ማለትም ቆዳው ቀለም አጥቶ ለተወለደ ልጅ ግን ሰንስክሪን፣ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ቅንጦት አይደለም። እነሱን ፀሐዩ በቀጥታ ነው የሚጎዳቸው።)

3. ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠህ ፎቶ አንሳው፣ ቀኑንም ጻፍ። እየሰፋ ነው? ዳሩ የተዛባ ነው? ቀለሙ የተቀላቀለ ነው? ይደማል? የማይድን ቁስል ሆኗል? አንዱም ካለ አሳሳቢ ምልክት ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመርም እንደዚሁ ነው። አባዬማ «ማርያም የሳመችኝ ናት» እያለ ይስቅ ነበር። ማርያም የምትስመው ሕፃን ነው እንጂ ጡረታ የወጣ ሰው ነው እንዴ?

4. አዲስ አበባ ከሆንክ አለርት፣ ወሎ ከሆንክ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አላቸው። ሪፈር ወረቀት ይዘህ በጠዋት ሂድ፣ ወረፋው ቀላል አይደለም። የፓቶሎጂውን ወረቀት ኮፒ ሳትይዝ ከግቢው አትውጣ። እኔ ከዚያ ጉድ ወዲህ እያንዳንዷን ወረቀት በቀን በቀኗ አስሬ ይዤ ነበር። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ፋይሌን አገላብጦ «አንቺ ነርስ ነሽ?» አለኝ። የልብስ ሱቅ ነው ያለኝ! አባዬ እንደገና ሰፋ ተደርጎ ተቆረጠ፣ ከጭኑ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈለት። አሁን በከዘራ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ክትትሉም አልቆመም።

የእናትህ ቀጠሮ መቼ ነው? ለማቃጠል ከሆነ ዛሬውኑ ደውለህ ሰርዘው። ከዚያ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሪፈሩን ከየት እንደምታጽፍ እነግርሃለሁ።