«ስምንት ሰዓቱ አልፏል» የሚሉት ዋና አብራሪ

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

በአንድ የመንገደኞች አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሆኜ አገለግላለሁ። የምጽፍልዎ ሥራውን ካስተማሩኝ ሰዎች አንዱ ስለሆኑ ዋና አብራሪ ነው። ጀማሪ በነበርኩበት ጊዜ ስሳሳት ሳይቆጡ፣ በሰው ፊት ሳያዋርዱ እዚህ ያደረሱኝ እርሳቸው በመሆናቸው እንደ አባት አያቸዋለሁ። ባለቤታቸውን በሞት ካጡ ወዲህ ግን መጠጥ አብዝተዋል። በምናድርበት ሆቴል ከእራት በኋላ ብቻቸውን ያመሻሉ፤ በማግስቱ ዓይናቸው ቀልቶ፣ አፋቸው ውስጥ ከረሜላ ይዘው ከክፍላቸው ይወርዳሉ።

ባለፈው ወር ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደን መኪና ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ የመጠጥ ሽታ በግልጽ ሸተተኝ። ከፊቴ አንብበውት ነው መሰለኝ፣ ምንም ሳልናገር «ስምንት ሰዓቱ አልፏል፤ አትስጊ» አሉኝ፤ አብራሪ ከጠጣ በኋላ ሳይበር መቆየት ያለበትን የጊዜ ርዝመት ማለታቸው ነው። በበረራው ላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የሰጠንን ከፍታ ደጋግመው አስነገሩት፤ ከዚያም ያስገቡት አሃዝ የተሳሳተ ስለነበር እኔ አረምኩት። ሆኖም አውሮፕላኑን እንደ ወትሮው በሚያስደንቅ ልስላሴ አሳረፉት።

ጉዳዩን ለአንድ ባልደረባዬ ሳነሳበት «ሁላችንም እናውቃለን፤ ጡረታቸው ደርሷል፤ የሰው እንጀራ አትዝጊ» አለኝ። ደንቡ ስምንት ሰዓት የሚል ከሆነና እርሳቸውም ከጠበቁት፣ ጥፋታቸው ምኑ ላይ ነው? ተናግሬ ሽታው ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝስ? እውነት ሆኖ ቢገኝ ደግሞ፣ በሐዘናቸው ላይ የሥራ ማጣትን የጨመርኩባቸው እኔ ልሆን ነው። በሚመጣው ወር እንደገና አብረን ተመድበናል። ምን ላድርግ?

ግራ የተጋባችው ረዳት አብራሪ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤

ዋና አብራሪው ራሳቸውን የሚያሳምኑት በስምንት ሰዓቱ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ይህ ቁጥር በአሜሪካ ደንብ ውስጥ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ብቻውን አልቆመም። ያው ደንብ በመጠጥ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ መብረርን ይከለክላል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 40 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ አልኮል የተገኘበትንም ሰው፣ የፈለገውን ያህል ሰዓት ቢጠብቅ፣ አያሳልፈውም። የሰው አካል በሰዓት የሚያስወግደው አልኮል ከዚያው 100 ሚሊ ሊትር ደም በአማካይ 15 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ 160 ሚሊ ግራም የነበረው ሰው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 120ውን አስወግዶ 40 ይዞ ይነሣል፤ ስምንት ሰዓቱን ሳያጓድል ጠብቆም ከገደቡ ላይ ቆሟል ማለት ነው። በብሪታንያና በአውሮፓ ኅብረት ገደቡ 20 ሚሊ ግራም ስለሆነ እዚያ በእጥፍ አልፎታል። ሕንድ ደግሞ የመታቀቢያውን ጊዜ 12 ሰዓት አድርጋ፣ በምርመራው ላይ ምንም አልኮል እንዳይገኝ ታዝዛለች። ቡናውም፣ ቀዝቃዛ ውኃውም፣ እንቅልፉም ይህን ስሌት አያፋጥኑትም፤ ከረሜላውማ የሚያገለግለው አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ነው።

ደሙ ከጠራ በኋላም ነገሩ ወዲያው አያልቅም። አልኮል ሚዛን የምንጠብቅበትን የውስጥ ጆሮ ክፍል የሚያዛባ ሲሆን፣ ይህ መዛባት አልኮሉ ከደም ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በጨለማ ወይም በደመና ውስጥ፣ አድማስ በማይታይበት ቦታ፣ አብራሪ ጆሮውን አምኖ የመሣሪያውን ንባብ እንዲጠራጠር የሚያደርገው እንዲህ ያለው መዛባት ነው። ጠጥቶ የተኛ ሰው እንቅልፍም የተቆራረጠ ስለሚሆን ድካሙ በዚያ ላይ ይታከልበታል።

ልስላሴ ስለነበረው ማረፍ የጻፉት ሳያጽናናዎት አልቀረም፤ እኔን ግን አላጽናናኝም። ለዓመታት የተደጋገመ ሥራ በልማድ ይሠራል፤ በመጠጥ ቀድሞ የሚጎዳው አሁን የተነገረን አሃዝ መያዝ፣ ትኩረትን ከፍሎ ሁለት ነገር መከታተል፣ ያልተጠበቀ ነገር ሲመጣ ቶሎ መወሰን ነው። የከፍታውን ጉዳይ ራስዎ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 በሩሲያዋ ፔርም ከተማ አቅራቢያ አንድ ቦይንግ 737 በሌሊት ለማረፍ ሲቃረብ ወድቆ 88 ሰዎች ሲሞቱ፣ መርማሪዎች አብራሪዎቹ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ያለበት ሁኔታ እንደጠፋባቸው ደርሰውበታል፤ በዋና አብራሪው አካል ውስጥም አልኮል ተገኝቷል። የሥልጠና ጉድለትም ስለነበረ መጠጡን ብቻውን ተጠያቂ ማድረግ ትክክል አይሆንም፤ ግን መጠጥ የሚጎዳው ሌላ ችግር ሲደረብበት ነው። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1961 በፊንላንድ 25 ሰዎች ባለቁበት አደጋ ሁለቱም አብራሪዎች ከበረራው በፊት በነበረው ሌሊት ጠጥተው ነበር፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት የሚያርምበት ዕድል አብሮ ጠፍቷል ማለት ነው። ባለፈው ወር በእርስዎ በረራ ላይ ያ ዕድል ነበር፤ አሃዙን ያረሙት እርስዎ ነዎት።

ወደ ባልደረባዎ ቃል ልመለስ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1977 በአላስካዋ አንኮሬጅ አንድ የጃፓን አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ሲነሣ ወድቆ በውስጡ የነበሩት አምስቱም ሰዎች ሞቱ። ዋና አብራሪው በጣም ሰክሮ ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከአደጋው ምክንያቶች መካከል የቆጠረው የእርሱን መጠጣት ብቻ አይደለም፤ የቀሩት የበረራ ቡድን አባላት እንዳይበር አለማገዳቸውንም ጨምሮ ነው። በዚያ ቀን ስጋቱን የተናገረ ሰው ነበረ፤ ወደ ማረፊያው ያደረሰው የታክሲ ሾፌር። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018፣ ለንደን ሂትሮው ላይ የዚያው አየር መንገድ ረዳት አብራሪ በደሙ ውስጥ 189 ሚሊ ግራም ይዞ ለመብረር ሲዘጋጅ ተይዞ አሥር ወር ተፈርዶበታል። ለፖሊስ እንዲነገር ያደረገው ሽታው የሸተተው የሠራተኞች አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሁለቱም ሾፌሮች ለሰውየው ውለታ አልነበረባቸውም፤ ምናልባት ለመናገር የቀለላቸው ለዚህ ይሆናል። እርስዎ ግን ውለታ አለብዎት፤ ይሉኝታም ይዞዎታል፤ ለዚህም ነው ነገሩ የከበደዎት እንጂ እውነቱ ስላልታየዎት አይደለም።

«እንጀራ መዝጋት» የሚለውን እንመርምረው። የአብራሪ እንጀራ የሚዘጋው ባልደረባው በጊዜ ሲናገር አይደለም፤ ሁሉም ዝም ብለው በምርመራ ወይም በፖሊስ እጅ ሲወድቅ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአብራሪዎች ማኅበር፣ አየር መንገዶችና የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ በጋራ የሚያካሂዱት የሕክምና ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎችን አክሞ፣ ለዓመታት እየተከታተለ፣ ወደ ኮክፒት መልሷል። በአውሮፓም ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ከከሰከሰበት እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ የጀርመንዊንግስ አየር መንገድ አደጋ በኋላ የወጣው ደንብ አየር መንገዶች አብራሪ ችግሩን ለራሱ ባልደረቦች በምስጢር የሚያካፍልበትን የድጋፍ ሥርዓት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከፋርጎ ወደ ሚኒያፖሊስ መንገደኞችን ይዘው የበረሩት ሦስት የኖርዝዌስት አየር መንገድ አብራሪዎች ሰክረው በመገኘታቸው ታስረዋል። ዋና አብራሪው የ16 ወር እስራት ተፈርዶበት ፈቃዱንም አጥቶ ሳለ፣ መጠጥ ትቶ፣ ፈቃዱን እንደገና ከሥር ጀምሮ አውጥቶ ወደዚያው አየር መንገድ ተመልሷል፤ በዋና አብራሪነትም ጡረታ ወጥቷል። ያ ሁሉ መንገድ ግን በወኅኒ ቤት በኩል ያለፈ ነው። የእርስዎ ሰው ያለ ወኅኒ ቤት የሚሄዱበት ጊዜ ገና አላለፈባቸውም፤ በየበረራው ግን እያጠረ ይሄዳል።

ስለዚህ የሚመጣውን ወር አይጠብቁ። ሥራ በሌለበት ቀን፣ ብቻቸውን፣ እንደሚያከብሯቸው ሆነው ያነጋግሯቸው። «ሰካራም ነዎት» ማለት አያስፈልግዎትም፤ ያዩትን፣ ማለትም ሽታውን፣ ከፍታውንና ያረሙትን አሃዝ ነግረው፣ በዚህ ሳምንት ራሳቸው ወደ በረራ ሐኪሙ ወይም ወደ ድጋፍ ቡድኑ ሄደው እንዲናገሩ፣ እስከዚያም ከበረራ እንዲወጡ ይጠይቋቸው። እሺ ካላሉ፣ ወይም ቀኑ ካለፈ፣ እርስዎ በኩባንያው የምስጢር ሪፖርት መንገድ ያቅርቡት፤ ይህንንም እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይንገሯቸው፣ ከጀርባ እንዳይሆንባቸው። የምደባ ክፍሉን «ከእርሳቸው ጋር አትመድቡኝ» ብሎ መለመን ግን መፍትሔ አይደለም፤ እርስዎ በሌሉበት የሚሳፈሩት መንገደኞችም ያው መንገደኞች ናቸው።

ሳይሳካ ቀርቶ ያ ጠዋት ከደረሰና ሽታው እንደገና ከሸተተዎት፣ ገና መኪናው ውስጥ ሳሉ «ዛሬ ለመብረር ደኅና አይደሉም፤ አልችልም ብለው ይቅሩ» ይበሏቸው። እምቢ ካሉ ለተረኛ ኃላፊው ደውለው የትንፋሽ ምርመራ ይጠይቁ፤ ውጤቱ ሳይታወቅም ወንበርዎ ላይ አይቀመጡ። ተሳስተው ከሆነ ምርመራው በደቂቃዎች ይገልጠዋል። የአፍ ማጠቢያም ለአጭር ጊዜ ንባቡን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ከ15 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ከመጠጥ ጋር የሚመሳሰል የትንፋሽ ሽታ ካልታከመ የስኳር በሽታም ሊመጣ ይችላል፤ ያም ቢሆን ሰውየው ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ እንጂ ኮክፒት ውስጥ መገኘት የለባቸውም።

እስከዚያው ያለፈውን በረራ ቀንና ቁጥር፣ የሸተተዎትን፣ የተባለውንና ያረሙትን ዛሬውኑ በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ሌሎች «እናውቃለን» ያሉትን አይጨምሩበት፣ ያዩትን ብቻ ይጻፉ።