መሪዬን ተስፋ ማድረጌ ኃጢአት ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንድ መሪ ሥልጣን ሲይዝ «እግዚአብሔር የላከልን ነው» ብዬ ጾሜ ጸልዬለታለሁ። በሱ ምክንያት ከወንድሜ ጋር ሳይቀር ተኳርፈናል። አሁን ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ፖለቲካ የሚባል ነገር አስጠላኝ፤ ዜናም አልሰማም። መጀመሪያውኑ ተስፋ ማድረጌ ኃጢአት ነበር?
አንዲት አንባቢ

መልስ፦ እህቴ፣ መጸለይሽስ ደግ አደረግሽ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ለነገሥታት ጸልዩ ይላል። ጥሩ መንግሥት መመኘትም ኃጢአት የለበትም። ነገሩ የተበላሸው «የላከልን ነው» ያልሽ ጊዜ ይመስለኛል። እንዲህ ካልሽ በኋላ ሰውየው ቢያጠፋ እንዴት ብለሽ ትናገሪዋለሽ? የነቀፈው ወንድምሽም እግዚአብሔርን የተቃወመ መስሎ ይታይሻል።

የንጉሥ ዖዝያንን ታሪክ አንብቢው፣ 2ኛ ዜና መዋዕል 26 ላይ ነው። በ16 ዓመቱ ነግሦ 52 ዓመት ገዛ። ግንብ ሠራ፣ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ እርሻም ይወድ ነበር። በዘመኑ ብኖር እኔም ደጋፊው እሆን ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሲበረታ ግን ልቡ ታበየና የካህናቱን ሥራ ራሱ ሊሠራ፣ ዕጣን ሊያጥን ቤተ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስ 80 ካህናት አስከትሎ ተከትሎት ገባና ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም፣ ውጣ አለው። ንጉሡ ጥናውን በእጁ እንደያዘ ተቆጣ፤ እዚያው ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት። ካህናቱ መንግሥት አልገለበጡም፣ ግን ብዙ ሠርቷልና እንለፈው አላሉም። የምትደግፊው ሰው ሲያጠፋ «ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም» ማለት ካቃተሽ፣ ያኔ ድጋፍሽ መልኩን ቀይሯል ማለት ነው።

መዝሙረኛው «በአለቆች አትታመኑ» ሲል አለቃ ሁሉ ክፉ ነው ማለቱ አይደለም። ምክንያቱን እዚያው አስቀምጦታል፦ ሰው ነውና ይሞታል፣ ያሰበውም አብሮት ይጠፋል።

ዜና መዝጋትሽን ግን አልደግፍም። ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩ ምርኮኞች የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ፣ ጸልዩላትም ብሎ ሲጽፍላቸው፣ ከአገራቸው ያፈናቀላቸው የዚያችው ከተማ ንጉሥ ነበር፤ እንዲወዱት ማን ጠበቀባቸው? ስለዚህ ምረጪ፣ ጠይቂ፣ ሲሠሩ አመስግኚ፣ ሲያጠፉ ተናገሪ።

ለወንድምሽም ደውይለት። «ልክ ነበርክ» ማለት አይጠበቅብሽም፤ ምናልባት እሱም «የተላከ» የሚለው የራሱ ሰው ይኖረው ይሆናል።